ሦስት ልጆች ይሠራሉ፤ አንድ ልጅ ይመዘናል፤ በሌጎ ጨዋታ ስለሚሰጠው ትምህርት የቀረበ ሂስ

ጨዋታ ከትምህርት የሚቆጠር መሆኑን ለማስረዳት ዛሬ ብዙ መድከም አያስፈልግም። ዳሩ ግን ጨዋታው ራሱ ከባድ ትምህርት የሚሆንባቸው ልጆች መኖራቸውን የምናስብ ጥቂቶች ነን። አብዛኛው ልጅ «እኔንም አስገቡኝ» ማለትን፣ ተራ መጠበቅንና ተሸንፎ መሣቅን ማንም ሳያስተምረው በሰፈር ውስጥ ከእኩዮቹ ይለምደዋል። ኦቲዝም ላለበት ልጅ ግን ለሌላው እንደ ዋዛ የሚመጣው ይህ ነገር ብዙ ጊዜ ይከብደዋል። ይህም የሆነው ጨዋታ ጠልቶ አይደለም፤ ሌሎቹ በቃል ሳይናገሩት የሚግባቡበት ደንብ ለእሱ በግልጽ ስለማይታየው ነው።

በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ይህን ችግር በመገጣጠሚያ መጫወቻ ለማቃለል የታሰበውን፣ «የሌጎ ቴራፒ» የሚባለውን የማስተማሪያ ዘዴ ነው። አሳባችን ዘዴውን ለማስተዋወቅ ብቻ አይደለም፤ የሚያስመሰግነው ምን እንደሆነና ጉድለቱ በየት በኩል እንደሚገኝ የመሰለንን ለመናገር ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

ነገሩን ከሥሩ ለመጀመር ያህል፣ በአሜሪካ አገር የሕፃናት የአእምሮ ሐኪም የነበሩት ሊዮ ካነር በ1943 ስለ 11 ልጆች ባሳተሙት ጽሑፍ ሁለት ነገሮችን አጉልተው አሳይተዋል። አንደኛው ልጆቹ ብቻቸውን መሆንን ማዘውተራቸው ነው፤ ሁለተኛው በዙሪያቸው ያለው ነገር ሁሉ እንደነበረ እንዲኖር አጥብቀው መፈለጋቸው ነው። ከዚህም ጋር ልጆቹ ከሰው ይልቅ ከዕቃ ጋር እንደሚስማሙ፣ በዕቃም ለረዥም ሰዓት ተደስተው እንደሚጫወቱ ታዝበዋል። ከካነር ወዲህ ስለ ኦቲዝም ያለው ዕውቀት ብዙ ሰፍቷል፤ ይሁን እንጂ ይህን በዕቃ መደሰት መወገድ እንዳለበት እንቅፋት አድርጎ ማየት እስከ ዛሬም ያልጠፋ አስተያየት ነው። አሁን የምንነጋገርበት ዘዴ ግን እንቅፋት የተባለውን በር አድርጎ ተጠቀመበት።

መጫወቻው የመጣው በዴንማርክ አገር ቢሉንድ በምትባል ስፍራ፣ አናጢው ኦሌ ኪርክ ክሪስቲያንሰን በ1932 ካቋቋሙት ድርጅት ነው። ስሙም «ደኅና ተጫወት» የሚል ትርጉም ካላቸው ሁለት የዴንማርክ ቃላት የተውጣጣ ነው። እርስ በርሱ የሚቆላለፈው የፕላስቲክ ጡብ የፈጠራ መብት የተጠየቀበት በ1958 ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ የተሠራው ጡብ ዛሬ ከሚሠራው ጋር ይገጥማል። ይህ ለሻጩ ጥሩ ማስታወቂያ ነው፤ ለያዝነው ጉዳይ ግን ከማስታወቂያ የበለጠ ነገር አለበት። ዓለም በየቀኑ ስትለዋወጥበት የሚጨነቅ ልጅ፣ ትናንት የገጠመው ዛሬም ሳይከዳው የሚገጥምለት ዕቃ አገኘ ማለት ነው።

ዘዴውን የጀመሩት የሥነ ልቡና ባለሙያው ዶክተር ዳንኤል ሌጎፍ ናቸው፤ የስማቸውና የመጫወቻው ስም መመሳሰል የአጋጣሚ ነገር ነው። በሃዋይ ይሠሩ በነበረበት ጊዜ ለየብቻ የሚረዷቸው ሁለት ልጆች በመጠበቂያ ክፍል ተገናኙ። ሁለቱም ሳይነጋገሩ የሌጎ መጫወቻ ይዘው መጥተው ኖሮ አብረው ሲጫወቱ አገኟቸው። በባለሙያው ክፍል ውስጥ በብዙ ድካም ሲፈለግ የነበረው ነገር በመጠበቂያው ክፍል ያለ ጠሪ መጣ። ሰውየውን ልናመሰግናቸው የሚገባን መጫወቻ ስለመረጡ አይደለም፤ የመረጡት ልጆቹ ናቸውና። ልናመሰግናቸው የሚገባን ልጆቹ የመረጡትን እንደ ዋዛ ሳያልፉት ስለቀሩ ነው።

የዘዴው አሠራር እንደሚከተለው ነው። ሦስት ልጆች አንድ ቡድን ይሆናሉ። አንደኛው መሐንዲስ ይባላል፤ በሥዕል የተዘጋጀውን ፕላን የሚያየው እሱ ብቻ ነው። ሁለተኛው አቅራቢ ነው፤ ጡቦቹ ሁሉ ያሉት በእሱ እጅ ነው። ሦስተኛው ግንበኛ ነው፤ ጡብ የሚገጣጥመው እሱ ብቻ ነው። መሐንዲሱ አቅራቢውን «ስምንት ጉብታ ያለው ቀይ ጡብ አውጣ» ይለዋል፤ አቅራቢውም ፈልጎ ለግንበኛው ይሰጠዋል። መሐንዲሱ ደግሞ ወደ ግንበኛው ዞሮ «በሰማያዊው ላይ፣ ከዳር ጀምረህ በርዝመቱ አድርገው» ይለዋል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሥራቸውን ይለዋወጣሉ። አብሯቸው የሚቀመጠው ትልቅ ሰው ስሕተት ወይም ጠብ ሲነሣ ፈጥኖ ፍርድ አይሰጥም። ችግር መኖሩን ጠቁሞ «ምን ብናደርግ ይሻላል?» እያለ ነገሩን ወደ ልጆቹ ይመልሳል፤ እነሱ ያገኙት መፍትሔም ለሚቀጥለው ጊዜ ይታሰባል። ደንቦቹ ጥቂቶች ናቸው፤ ያፈረሰ ይጠግናል፣ ካልቻለም እርዳታ ይጠይቃል፤ ሌላው የያዘውን ዕቃ የሚፈልግ አስቀድሞ ይጠይቃል እንጂ አይነጥቅም።

የዚህ አሠራር ብልኀት ከጡቡ ይልቅ በሥራው ክፍፍል ላይ መሆኑን አንባቢ ሳይገነዘብ አይቀርም። ፕላኑን የያዘው ጡብ የለውም፤ ጡብ የያዘው ፕላን አያይም፤ እጁ ለመሥራት የተፈቀደለትም ሁለቱ ካልነገሩትና ካልሰጡት በቀር ሥራ ፈት ሆኖ ይቀመጣል። ስለዚህ ማንም ብቻውን አይጨርስም። ይህን ከሌላ ዓይነት ትምህርት ጋር ብናነጻጽረው ልዩነቱ ይታያል። አስተማሪው ልጁን ከፊቱ አስቀምጦ «ስምህ ማን ነው? እንደምን ዋልክ?» እያለ ቢያስጠናው፣ ልጁ የሚጠይቀው ሊያውቀው የማይፈልገውን ነገር ነው። የሚጠየቀውም ሰው መልሱ እንደማይፈለግ ያውቃል። በሌጎው ጠረጴዛ ዙሪያ ግን ጥያቄው ከችግር ይወለዳል። ቀዩን ጡብ ያልጠየቀ ልጅ ቀዩን ጡብ አያገኝም። ትሕትናውም ሆነ ዓይን ለዓይን መተያየቱ ቢመጣ፣ ሥራው ስለጠየቀው ይመጣል።

እዚህ ላይ አንዳንድ ሰው «እንግዲያማ ዕቃው ምንም ቢሆን ግድ የለም፤ ከእንጨት ቁራጭም ይሠራል» ሊለን ይችላል። ይህ አነጋገር ግማሹ እውነት ነው። ፕላን፣ ዕቃና እጅ የሚለያዩበት ማናቸውም ሥራ ለዚህ ትምህርት መሠረት ሊሆን ይችላል። ዳሩ ግን ተደራርቦ ብቻ የሚቆም እንጨት በክርን ሲነካ ይናዳል፤ የአንድ ሰዓት ድካምም በአንድ ጊዜ ይጠፋል። ለማንኛውም ልጅ ይህ ያሳዝነዋል፤ ለውጥ ለሚያስጨንቀው ልጅ ግን ከሐዘን አልፎ ጨዋታውን የሚያስተወው ሊሆን ይችላል። የሌጎ ጡብ የሠሩትን አጥብቆ ይይዛል፤ ሊያፈርሱት ሲፈልጉ ደግሞ ሳይጎዳ ይለያያል። ስለዚህ ዕቃው የዘዴው ነፍስ አይደለም፤ ቢሆንም ነፍሱን የሚሸከም አካል ነውና በማናቸውም ነገር እንለውጠው ማለት አይቻልም።

አሁን ወደ ማስረጃው እንለፍ። ዶክተር ሌጎፍ በ2004 ባሳተሙት ጥናት 47 ልጆችን ተመልክተዋል። ልጆቹ ተራቸውን በጠበቁበት ጊዜ የነበራቸውን ሁኔታ ትምህርቱን ከተቀበሉ በኋላ ከታየው ጋር አነጻጽረዋል። ከመዘኗቸው ነገሮች መካከል ልጁ በራሱ ፈቃድ እኩዮቹን ስንት ጊዜ እንደሚቀርብና ግንኙነቱ ምን ያህል ጊዜ እንደሚቆይ ይገኙበታል፤ ውጤቱም መሻሻልን አሳየ። በ2006 ከአንድ ባልደረባቸው ጋር ሆነው 60 የሌጎ ቡድን ልጆችን ሌላ እርዳታ ካገኙ 57 ልጆች ጋር ለ3 ዓመት በቆየ ክትትል አነጻጽረው፣ የሌጎዎቹ መሻሻል እንደሚበልጥ አሳወቁ። በ2008 ደግሞ በእንግሊዝ አገር ጂና ኦወንስ፣ ሳይመን ባሮን ኮኸንና ሁለት ባልደረቦቻቸው፣ ዕድሜያቸው ከ6 እስከ 11 የሆነ ልጆችን በሳምንት አንድ ሰዓት ለ18 ሳምንት አስተምረው ተመሳሳይ ተስፋ የሚሰጥ ነገር አገኙ። ዘዴውን በሰፊው የሚያስረዳው መጽሐፍ በ2014 ታትሟል።

እነዚህ ጥናቶች አነስተኞች ናቸው፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱም የተሠሩት ዘዴውን በፈጠሩት ሰው ነው። ይህን ስንል ቅንነታቸውን መጠራጠራችን አይደለም፤ ማንም ሰው የራሱን ልጅ መልክ በትክክል ለመናገር እንደሚቸገር ማስታወሳችን ነው። ስለዚህ በ2023 የታተመው የእንግሊዝ አገር ሰፊ ጥናት ትልቅ ዋጋ አለው። በዚህ ጥናት ዕድሜያቸው ከ7 እስከ 15 የሆነ 250 ልጆች ተካፍለዋል። ትምህርት ቤቶቹ በዕጣ ተደልድለው ከፊሎቹ 45 ደቂቃ የሚፈጅ የሌጎ ትምህርት 12 ጊዜ ሲሰጡ፣ የቀሩት በተለመደው እርዳታ ቀጠሉ። ከ20 ሳምንት በኋላ ስለ ልጆቹ የማኅበራዊ ኑሮ ችሎታ አስተማሪዎቻቸው መጠይቅ ሞሉ። ውጤቱ ወደ መልካም ያዘነበለ ነበር፤ ነገር ግን ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ አጥኚዎቹ አስቀድመው «ይህን ያህል ቢሆን ይጠቅማል» ብለው ከወሰኑት መጠንም አልደረሰም።

ከዚህ ምን እንማራለን? አንዳንዱ «ዘዴው ከንቱ ነው» ይል ይሆናል፤ ሌላው «ትንሽም ቢሆን መልካም ነው» ብሎ ያልፈዋል። እኛ ግን ሁለቱም ከመፍረዳቸው በፊት ስለ ሚዛኑ መጠየቅ የነበረባቸው ይመስለናል። የመጀመሪያው ጥናት አሠራሩ ደካማ ቢሆንም የተመለከተው ልጁ ከእኩዮቹ ጋር የሚያደርገውን ነው። የመጨረሻው ጥናት በዕጣ የተደለደለ ጠንካራ ሥራ ሲሆን ዋናው መለኪያው አስተማሪ ስለ ልጁ የሚሰጠው አስተያየት ነው። የጥናቱ ጥንካሬ እያደገ ሲሄድ ዓይኑ ከጨዋታው እየራቀ ሄዷል ማለት ነው።

ከዚህም የጠለቀ ጉድለት አለ። ዘዴው የቆመው አንዱ ያለ ሁለቱ ምንም እንደማይሠራ በማወቅ ላይ ነው። ሚዛኑ ግን ችሎታን በአንድ ልጅ ውስጥ እንደሚገኝ ንብረት ቆጥሮ፣ ልጁን ከጠረጴዛው ለይቶ ብቻውን ይመዝነዋል። በዘዴው ውስጥ የሚሰጠው ማዕርግ እንኳ፣ ከረዳት ተነሥቶ እስከ ሊቅ ድረስ አምስት ደረጃ ያለው፣ የምስክር ወረቀቱን የሚሰጠው ለየልጁ ነው። ሦስት ልጆች ይሠራሉ፤ አንድ ልጅ ይመዘናል። በመካከላቸው የተፈጠረው ነገር ግን በማናቸውም ወረቀት ላይ አይጻፍም።

በእንግሊዝ አገር የማኅበራዊ ኑሮ ጥናት ባለሙያ የሆኑትና ራሳቸውም ኦቲዝም ያለባቸው ዴምየን ሚልተን በ2012 ባሳተሙት ጽሑፍ ለዚህ ሂሳችን የሚረዳ አሳብ አቅርበዋል። እንደ እሳቸው አስተያየት አለመግባባቱ የሁለት ወገን ነው። ኦቲዝም ያለበት ሰው የሌላውን ስሜት መረዳት እንደሚቸግረው ሁሉ፣ ሌላውም የእሱን ስሜት መረዳት ይቸግረዋል። ሆኖም ጉድለቱ የሚጻፈው በአንደኛው ወገን ስም ብቻ ነው። ይህን አሳብ ስናነብ የራሳችን የልጅነት ነገር ትዝ አለን።

እኛ በተማርንበት የሚስዮን አዳሪ ትምህርት ቤት ከእኛ በአንድ ክፍል ዝቅ ብሎ የሚማር ልጅ ነበር። ኦቲዝም ነበረበት ለማለት ዕውቀቱም ሥልጣኑም የለንም፤ በዚያን ጊዜ ቃሉን እንኳ ሰምተነው አናውቅም። ይህ ልጅ በመዝሙር መጽሐፉ ውስጥ ያሉትን መዝሙሮች ሁሉ በቁጥራቸው ያውቃቸው ነበር። ማታ ማታ በመኝታ ቤት ከብበን ቁጥር እንጠራለታለን፤ እሱም የመዝሙሩን መጀመሪያ ይነግረናል፤ እኛም እንሥቃለን። ያን ጊዜ አብረነው የምንጫወት ይመስለን ነበር፤ አሁን ስናስበው ግን እሱ መጫወቻችን እንጂ የጨዋታ ጓደኛችን አልነበረም።

አንድ ጊዜ በጸሎት ቤት የመዝሙሩን ቁጥር በሰሌዳ ላይ የሚሰቅለው ተማሪ ታመመና ሥራው ለዚህ ልጅ ተሰጠው። አንዱ ተማሪ የተመረጡትን ቁጥሮች ከሰባኪው ጠይቆ ይመጣል፤ ሌላው የእንጨት ቁጥሮቹን ከሣጥን እያወጣ ያቀብላል፤ እሱ በመሰላል ወጥቶ ይሰቅላል። በእነዚያ ሳምንቶች ከሁለቱ ልጆች ጋር በአንድ ገበታ ሲበላ እናየው ነበር። የታመመው ተማሪ ድኖ ሲመለስ ሥራውን ተረከበው፤ እኛም ወደ ቁጥር መጥራታችን ተመለስን። በዓመቱ መጨረሻ ካርዱ ላይ ምን እንደተጻፈ ብንጠይቀው፣ እንደ መዝሙሮቹ አንድ ቃል ሳይሳሳት «ከጓደኞቹ ጋር አይቀላቀልም» ብሎ ነገረን። በእኛ ካርድ ላይ ግን ስለ እሱ የተጻፈ ምንም ነገር አልነበረም። በሚቀጥለው ዓመት ወደ ትምህርት ቤቱ አልተመለሰም።

ይህን የተናገርነው አንባቢን ለማሳዘን አይደለም። የዚያ ካርድ ሚዛን ዛሬ በምንመረምረው ጥናት ውስጥ በተሻለ አኳኋን ተዘጋጅቶ ስላገኘነው ነው። ልጁ ከሁለቱ ጋር በልቷል፤ ሥራው ሲወሰድበት ገበታውም ተወሰደበት። ታዲያ የጎደለው የማን ችሎታ ነበር?

በዚህ ላይ የሚነሣ አንድ ተገቢ ተቃውሞ መኖሩን አንዘነጋም። የልጁ እናትና አባት «ዓለም ለልጃችን ስትል አትለወጥም፤ ነገ ብቻውን ሲቆም የሚጠቅመውን ችሎታ አስተምሩልን» ሊሉ ይችላሉ። እውነታቸውን ነው። እርዳታ መጠየቅን ያወቀ ልጅ ካላወቀው ይልቅ ከብዙ መከራ ይድናል፤ ስለዚህ የልጁን መሻሻል መመዘን አይቅር። የእኛ አሳብ ሌላ ሚዛን ይጨመር ነው እንጂ ያለው ይሰበር አይደለም።

ሊጨመሩ የሚገባቸው ነገሮች ሦስት ይመስሉናል። አንደኛ፣ ልጁ እኩዮቹን ስንት ጊዜ እንደሚቀርብ ብቻ ሳይሆን እኩዮቹ እሱን ስንት ጊዜ እንደሚጠሩት ይቆጠር። ሁለተኛ፣ ትልቁ ሰው ከጠረጴዛው ሲነሣ ሥራው ይቀጥል ወይም ይፍረስ እንደሆነ ይታይ፤ በትልቅ ሰው ዓይን ሥር ብቻ የሚቆም ወዳጅነት ገና ወዳጅነት አልሆነምና። ሦስተኛ፣ ልጁ ራሱ ነገ ተመልሶ መምጣት ይፈልግ እንደሆነ ይጠየቅ። ይህ ዘዴ የተወለደው ማንም ሳያዝዛቸው በተጫወቱ ሁለት ልጆች መካከል መሆኑን አንርሳ። ልጁ የሚመጣው ተገዶ ወይም ለማዕርግ ብቻ ከሆነ፣ በጨዋታ ስም ሌላ የቤት ሥራ ተጨመረበት ማለት ነው።

ይህ ጉዳይ ለእኛም አገር ሩቅ አይደለም። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ በ2002 የመሠረቱት የኒያ ፋውንዴሽን የጆይ የኦቲዝም ማዕከል በአዲስ አበባ ሥራ ከጀመረ ወዲህ፣ ይሰወሩ የነበሩ ልጆች መማር እንደሚችሉ ብዙ ሰው አይቷል። ከእኛ መካከል ነገ አስተማሪዎች የሚሆኑ አሉ። ከውጭ የሚመጣውን ጡብ ለመግዛት ገንዘብ ያላገኘ አስተማሪ ዘዴው ቀረበት ብሎ አይዘን፤ ገዝቶ በመደርደሪያ ያስቀመጠውም ዘዴውን ያገኘ አይምሰለው። ከሁሉ አስቀድሞ ሊመለከተው የሚገባ፣ በክፍሉ ውስጥ ዳር የቆመው ልጅ ሌሎቹ የሚፈልጉት ሥራ በእጁ ያለው መሆኑን ነው። ሥራ ያልተሰጠውን ልጅ «አይቀላቀልም» ብሎ መጻፍ በራስ ላይ መመስከር ነው።

እኛ የዚህ ጥናት ጀማሪዎች እንጂ ሊቃውንት አይደለንም። ስለዚህ በአስተያየታችን ስሕተት የሚያገኝ መምህር ወይም የትምህርት ጓደኛ ቢኖር፣ በሚቀጥለው እትም እንዲያርመን በትሕትና እንጠይቃለን።